ድፍርስ የባሕር ዳርቻ ውሃ ከአየር በኤሌክትሮማግኔቲክ ሲለካ፦ ውጤቱን ምን ያህል እንመን?

ጥያቄ፦ «ከ1 እስከ 35 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ዳርቻ ውሃ ማስለካት እንፈልጋለን። ወንዝ ይዞት በሚመጣው ጭቃ ስለሚደፈርስ ከአየር የተሞከረው ላይዳር (በሌዘር ብርሃን ጥልቀት የሚለካው ዘዴ) ወለሉን አላገኘውም። የአሸዋ ክምርና ኮራል ስላለ ጀልባም ብዙ ቦታ አይደርስም። በሄሊኮፕተር በሚጎተት የኤሌክትሮማግኔቲክ መሣሪያ ቢለካ ይሻላል ተባልን። የውሃውን ጥልቀትም፣ ከወለሉ በታች ያለውን የደለል ውፍረትም ይሰጠናል? ምን ያህልስ እንመነው? ከቅየሳ ድርጅቱ ጋር ስንዋዋል ምን እንጠይቅ?»

ምላሽ፦

ይሰጣችኋል፤ ግን ለሁሉም ጥልቀት እኩል አይደለም። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ እስከ 15፣ ቢበዛ እስከ 20 ሜትር ድረስ የውሃውን ጥልቀት ለምህንድስና ቅድመ ጥናት በሚበቃ ደረጃ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ እስከ 35 ሜትር ያለውን የሚወስነው የምትመርጡት የመሣሪያ ዓይነት ነው። የደለሉ ውፍረት ደግሞ ቢያንስ በጥቂት ቦታዎች በቁፋሮ ወይም በሴይዝሚክ (ወደ ወለሉ ሥር በሚላክ የድምፅ ሞገድ) ካልተመሳከረ ብቻውን አይታመንም። ለመርከብ መተላለፊያ ካርታ ግን አትጠቀሙበት፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው አነሳዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ መሣሪያ ጥልቀት አይለካም። የሚለካው ከበታቹ ያለው ነገር ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍና ከመሣሪያው ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ጥልቀቱ ከዚያ በስሌት ይወጣል። ስለዚህ የሥራውን ጥራት የሚወስነው አየር ላይ ያለው ውድ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ እኩል የሚወስነው ባሕሩ ላይ የሚሠራው ርካሽ ሥራ ነው፦ የውሃው ሙቀትና ጨዋማነት ልኬት፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት መዝገብ፣ ጥልቀቱ አስቀድሞ በታወቀ ቦታ ላይ የሚደረግ ማመሳከሪያ በረራ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይኸው ክፍል መሆኑ ያሳዝናል፤ ከተቆረጠ ቀሪው ገንዘብ በከንቱ ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሄሊኮፕተሩ በ30 ሜትር ያህል ገመድ አንጠልጥሎ የሚጎትተው ረጅም ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ላኪና ተቀባይ ጥቅል ሽቦዎች 8 ሜትር ያህል ተራርቀው ተቀምጠዋል። በላኪው ጥቅል የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ ክብ እየሠራ የሚዞር ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ያ ጅረት በበኩሉ የራሱን ደካማ መስክ መልሶ ይልካል። ተቀባዩ ይህን ምላሽ ከላኪው መስክ ጋር እያነጻጸረ በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ያነባል። ነገሩ ከብርሃን ጋር ስለማይገናኝ ድፍርስነት አያግደውም፤ ጀልባ የማይደፍረው የሚሰበር ሞገድም አያስቆመውም። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኬፕ ኮድ ባሕረ ሰላጤ ላይ ተሞክሯል፤ በኋላም አውስትራሊያ ውስጥ በሲድኒ ወደብና በሌሎች ጥልቀት በሌላቸው ውሃዎች ላይ ተጠንቷል።

የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ማስተላለፉ ለዘዴው ጉልበቱም ገደቡም ነው። በኪሎግራም 35 ግራም ጨው ያለው ውሃ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 3.8፣ በ15 ዲግሪ 4.3፣ በ25 ዲግሪ 5.3 ሲመንስ በሜትር ያስተላልፋል። መስኩ ወደ ውሃው በጠለቀ ቁጥር ይደክማል፤ ኃይሉ ወደ 37 በመቶ የሚወርድበት ርቀት የስርገት ጥልቀት ይባላል። በሜትር ለማግኘት አስተላላፊነቱን በድግግሞሹ (የላኪው ጅረት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ በኸርዝ) አባዝቶ፣ የብዜቱን ዳግም ዘር ወስዶ፣ 503ን ለእሱ ማካፈል ነው። 4 ሲመንስ በሜትር ለሆነ ውሃ በ400 ኸርዝ 12.6 ሜትር፣ በ1,800 ኸርዝ 5.9 ሜትር፣ በ8,200 ኸርዝ 2.8 ሜትር፣ በ140,000 ኸርዝ ደግሞ 67 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ሞቃት ባሕር ላይ ያላችሁ ከሆነ ይህ ራሱ ያጥራል፤ በ25 ዲግሪ ውሃ የ400 ኸርዙ ስርገት ወደ 10.9 ሜትር ይወርዳል። በቀዝቃዛ ባሕር የተገኘ ጥሩ ውጤት ሲያሳዩአችሁ ይህን ልዩነት አትርሱ።

የወለሉ ወሬ ወደ መሣሪያው ለመድረስ ወርዶ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ የሚደክመው ሁለት ጊዜ ነው። ውሃው አንድ የስርገት ጥልቀት ያህል ሲሆን ከወለሉ የሚመለሰው 13.5 በመቶ፣ ሁለት ሲሆን 1.8 በመቶ፣ ሦስት ሲሆን 0.25 በመቶ ነው። በዚህ ላይ የወለሉ ማንነት ይጨመራል። ጨዋማ ውሃ የጠጣ አሸዋ፣ 40 በመቶው ክፍት ቦታ ከሆነ፣ ወደ 1 ሲመንስ በሜትር ያስተላልፋል፤ ከውሃው ጋር ያለው ልዩነት የመስኩን አንድ ሦስተኛ ያህል ያንጸባርቃል። 70 በመቶው ውሃ የሆነ ለስላሳ ጭቃ ግን ወደ 2.3 ሲመንስ ስለሚጠጋ የሚያንጸባርቀው 14 በመቶ ብቻ ነው። ደረቅ አለት ከሆነ 90 በመቶ ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደሚጨበጥ ነገር እንመንዝራቸው። በ400 ኸርዝ፣ አሸዋማ ወለል ላይ፣ 10 ሜትር ውሃ ሲኖር የወለሉ መኖር በምላሹ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቱቦው በ1.2 ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ከሚመጣው ጋር ይተካከላል። በ20 ሜትር ውሃ ያው ለውጥ ወደ 25 ሴንቲሜትር ያንሳል። በ35 ሜትር 2 ሴንቲሜትር ነው። ከሄሊኮፕተር ሥር የሚወዛወዝን ቱቦ ከፍታ በ2 ሴንቲሜትር ልክ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ በዚህ ዓይነት መሣሪያ 35 ሜትር ላይ የሚቀርብላችሁ ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለባችሁ። ብዙ ጊዜ የስሌቱ መነሻ ግምት ራሱ ሳይነካ ተመልሶ የወጣ ነው። ለእናንተ ጭቃማ ወለል ደግሞ የ20 ሜትሩ 25 ሴንቲሜትር ወደ 10 ሴንቲሜትር ይወርዳል።

ከፍታው እዚህ ላይ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ጥቅሎቹ አግድም ተኝተው፣ 8 ሜትር ተራርቀው፣ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆኑ ባሕሩ ሊመልስ የሚችለው ከፍተኛ ምላሽ ወደ 4,500 ፒፒኤም ነው። 31 ሜትር ላይ 4,090 ገደማ ይሆናል። አንዲት ሜትር 400 ፒፒኤም ወሰደች ማለት ነው፤ 10 ሴንቲሜትር ደግሞ 40 ያህሉን። በ60 ሜትር ከፍታ የሚቀረው 585 ነው። አብራሪው ለደኅንነት ብሎ 60 ሜትር ላይ ልብረር ካለ መብቱ ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሥራ እንደሚሆን ሁለታችሁም ቀድማችሁ እወቁት።

ቱቦው ላይ ሌዘር ከፍታ መለኪያ ይታሰራል። ሌዘር መሬት ላይ ጥሩ ነው፤ ባሕር ላይ ግን መስተዋት በመሰለ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ጨረሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነጥሮ ንባቡ ይቆራረጣል። ቱቦው 10 ዲግሪ ካዘነበለ ደግሞ 30 ሜትሩን 30.46 ብሎ ያነባል። ስለዚህ የዝንባሌ መለኪያና ጂፒኤስ ቱቦው ላይ መኖራቸው ግድ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ላይ ያለው ጂፒኤስ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። የሬዳር ከፍታ መለኪያም ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ሴንቲሜትር በሚጠይቅ ነገር ላይ ስህተቱ ትልቅ ነው።

የተሻለው መፍትሔ ባሕሩን ራሱን ከፍታ መለኪያ ማድረግ ነው። 140,000 ኸርዝ ውሃው ውስጥ ከ67 ሴንቲሜትር ብዙም ስለማያልፍ፣ ከ2 ሜትር በላይ በሆነ ውሃ ላይ ወለሉን አያይም ማለት ይቻላል፤ የሚናገረው ቱቦው ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ነው። የባሕር በረዶ ውፍረት የሚለኩ ባለሙያዎች በዚሁ ይጠቀማሉ፦ ኤሌክትሮማግኔቲኩ ከበረዶው ሥር ያለውን ውሃ፣ ሌዘሩ የበረዶውን ጫፍ ይነግራቸዋል፤ ልዩነቱ ውፍረቱ ነው። ደልዳላ በረዶ ላይ ስህተታቸው ወደ 10 ሴንቲሜትር ነው። እናንተም ሌዘሩና ከፍተኛው ድግግሞሽ የሚሰጧችሁን ሁለት ከፍታዎች በአንድ ሥዕል ላይ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። የማይገጣጠሙበት ቦታ ላይ ሌላውን ሁሉ ከማየታችሁ በፊት ምክንያቱ ይፈለግ።

የቱቦው መወዛወዝም የራሱ ወጥመድ አለው። በ30 ሜትር ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 11 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሄሊኮፕተሩ በሰከንድ 30 ሜትር ከተጓዘ ውዝዋዜው በመረጃው ላይ በየ330 ሜትሩ እንደሚደጋገም ሞገድ ይታተማል። ካርታው ላይ ሲታይ ባሕር ወለል ላይ የተደረደሩ የአሸዋ ጉብታዎች ይመስላል፤ ያምራልም። ስለዚህ እኩል ርቀት እየጠበቀ የሚመላለስ ጉብታ ስታዩ ርዝመቱን በበረራው ፍጥነት አካፍሉት። 11 ሰከንድ አካባቢ ከወጣ አሸዋ አይደለም፤ ገመዱ ነው።

ወደ ውሃው እንለፍ። ውሃው ከስርገት ጥልቀቱ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን በሆነበት ሁሉ መሣሪያው አስተላላፊነትንና ጥልቀትን ለያይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ብዜታቸውን ነው። 10 ሜትር ውሃ በ4 ሲመንስ 40 ይሆናል፤ 8 ሜትር በ5 ሲመንስም 40 ነው። አስተላላፊነቱን በ5 በመቶ ከሳታችሁ ጥልቀቱም በ5 በመቶ ይስታል። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ አስተላላፊነቱ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት 3 ዲግሪ የሚሞቅ ጥልቀት የሌለው ውሃ 6 በመቶ፣ ማለትም በ10 ሜትር ላይ 60 ሴንቲሜትር ስህተት ይዞ ይመጣል።

የእናንተ ቦታ ወንዝ ስለሚገባበት ነገሩ ይከብዳል። ቀላሉ የወንዝ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል። 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ላይ የላይኛው 2 ሜትር 2 ሲመንስ ቢሆን፣ ከታች ያለው 8 ሜትር ደግሞ 4 ሲመንስ ቢሆን፣ ድምሩ 36 ነው። ሁሉንም 4 ነው ብሎ የሚያሰላ ሰው 9 ሜትር ብሎ ይጽፍላችኋል። በተጨማሪም ያ የላይ ሽፋን ከፍተኛውን ድግግሞሽ ስለሚያታልለው ከላይ ያመሰገንኩት ከፍታ መለኪያም ይዛባል። መድኃኒቱ በበረራው ቀን፣ በበረራው ሰዓት፣ በሲቲዲ መሣሪያ (አስተላላፊነትን፣ ሙቀትንና ጥልቀትን አብሮ በሚለካው) ከላይ እስከ ወለል ድረስ ውሃውን መለካት ነው። ላይ ላዩን በባልዲ ቀድቶ መለካት ለዚህ ቦታ ምንም አያደርግም። ከወንዙ አፍ ጀምሮ ወደ ባሕሩ በሚወጣ መስመር ላይ ነጥቦቹን ቀረብ ቀረብ አድርጉ፤ ከዚያ ውጭ ሰፋ ይበሉ። አንድ ጊዜ ባሕሩ ሲሞላ፣ አንድ ጊዜ ሲጎድል ደግሙት፤ የወንዙ ውሃ በሁለቱ ጊዜያት የሚደርስበት ቦታ አንድ አይደለም። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ወንዙ በሚያንስበት ወቅት ብረሩ፤ ከየትኛውም የመረጃ ማጣሪያ ይበልጥ ይረዳችኋል።

የወንዝ ጭቃ ሌላም ጥያቄ ያስነሳል፤ ወለል የምትሉት የቱን ነው? ወንዝ አፍ ላይ የሚከማች ፈሳሽ ጭቃ 90 በመቶው ውሃ ከሆነ አስተላላፊነቱ ወደ 3.4 ሲመንስ ነው፤ ለመሣሪያው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። በድምፅ የሚለካው ከፍተኛ ድግግሞሽ ኤኮ ሳውንደር ግን የዚያን ጭቃ ፊት ወለል ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሜትር ቢለያዩ የግድ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። የምትፈልጉት ለመሠረት የሚሆነውን ጠንካራ ወለል ከሆነ ኤሌክትሮማግኔቲኩ ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባል።

አሁን የመሣሪያ ምርጫ። እስካሁን የተናገርኩት በተወሰኑ ድግግሞሾች ያለማቋረጥ ስለሚልከው ዓይነት ነው። ሌላው በጊዜ የሚለካው ነው፦ በትልቅ ክብ ጥቅል ውስጥ ኃይለኛ ጅረት ይለቀቅና በድንገት ይጠፋል፤ ባሕሩ ውስጥ የቀረው ጅረት እየሞተ ሲሄድ በተከታታይ የጊዜ መስኮቶች ይነበባል። የቀደመው ጊዜ ስለ ላይኛው፣ የዘገየው ስለ ታችኛው ይናገራል። 4 ሲመንስ በሆነ ውሃ ምልክቱ 1 ሜትር ለመውረድ 2.5 ማይክሮሰከንድ፣ 2 ሜትር ለመውረድ 10፣ 5 ሜትር ለመውረድ 63 ማይክሮሰከንድ፣ 30 ሜትር ለመውረድ 2.3 ሚሊሰከንድ፣ 50 ሜትር ለመውረድ 6.3 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ጅረቱን ለማጥፋት በአስር የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ የሚፈልግ ትልቅ ጥቅል ከ3 ሜትር ያነሰ ጥልቀትን በደንብ አይለይም። በሌላ በኩል በሰከንድ 25 ወይም 30 ዙር የሚሠራ መሣሪያ፣ ግማሽ ዙሩ 20 ወይም 16.7 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ 35 ሜትርን ለማየት በቂ ጊዜ አለው።

ስለዚህ ሥራችሁ በአብዛኛው ከ20 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ከሆነ 400 ኸርዝ ወይም ከዚያ ያነሰ ድግግሞሽ ያለው የመጀመሪያው ዓይነት ይሻላችኋል። ጥልቁ ክፍል ዋናው ጉዳያችሁ ከሆነ በጊዜ የሚለካውን ውሰዱ፤ በአንድ በረራ ደካማና ኃይለኛ ምት እያፈራረቁ የሚልኩ መሣሪያዎችም ስላሉ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ያለውን ድክመት ያቃልላሉ። ባሕር ላይ በጊዜ ሲለካ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ጨዋማው ውሃ ጅረቱን ቶሎ ስለማይለቅ ያለፈው ምት ቅሪት ሳይሞት ቀጣዩ ይመጣል። ስሌቱ የአሁኑን ምት ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበሩትንም፣ ከነትክክለኛው የጅረት ቅርጻቸው፣ መያዝ አለበት። ለመሬት ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም ይህን ካልያዘ ጥልቁን ክፍል በሙሉ ያዛባዋል።

ካሊብሬሽን (የመሣሪያውን ንባብ ከታወቀ ልክ ጋር ማስተካከል) ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። መሣሪያው በሙቀት ለውጥ ምክንያት ዜሮው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ወደ ላይ ወጥቶ ባዶ ንባብ መውሰድ የተለመደ ነው። መሬት ላይ 300 ሜትር መውጣት ይበቃል። ባሕር ላይ ግን 300 ሜትር ላይም ውሃው 5 ፒፒኤም ያህል ይመልሳል፤ 400 ሜትር ላይ 2 ይሆናል። ወይ ከፍ ይበሉ፣ ወይ ያንን ምላሽ አስልተው ይቀንሱት። በጊዜ የሚለካው ዓይነት ደግሞ ከራሱ ብረትና ሽቦ የሚመጣ ምላሽ ስላለው ይበልጥ ከፍ ብሎ፣ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ተጠግቶ፣ ያንን ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል።

ባሕሩ ግን መሬት የማይሰጠውን ስጦታ ይሰጣል። ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ላይ የ400 ኸርዝ መሣሪያ ወለሉን ጨርሶ አያይም። ከበታቹ ያለው አንድ ወጥ ነገር ስለሆነና አስተላላፊነቱን በሲቲዲ ስለምታውቁት፣ በየትኛውም ከፍታ መነበብ ያለበት ቁጥር አስቀድሞ ይሰላል። አብራሪው በዚያ ላይ በ30፣ በ40፣ በ50ና በ60 ሜትር ከፍታ ይመላለስ። የተነበበውና የተሰላው የሚለያዩበት መንገድ የመሣሪያውን የመጠንና የፌዝ (ምላሹ ከላኪው መስክ ወደ ኋላ የሚዘገይበት ልክ) ስህተት ይነግራችኋል። የፌዝ ስህተት ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ዲግሪ ከ4,000 ፒፒኤም ኢንፌዝ (ከላኪው መስክ ጋር እኩል የሚመላለሰው የምላሹ ክፍል) ውስጥ 70 ያህሉን ወደ ኳድራቸር (ከላኪው በሩብ ዙር የሚለየው ክፍል) ያፈሰዋል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ምልክት ይበልጣል። ይህ በረራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ጀልባ በሚደርስበት ቦታ ከ2 እስከ 25 ሜትር የሚወርድ አንድ መስመር በመልቲቢም (ከጀልባ በብዙ የድምፅ ጨረሮች ወለሉን በሚለካው መሣሪያ) ይለካና ያንኑ መስመር በየበረራው ቀን መጀመሪያና መጨረሻ ይድገሙት።

የኢንቨርዥን ስሌቱን (ከንባቡ ተነስቶ ጥልቀቱን የሚያወጣውን) በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ሁሉንም ነገር ነፃ አትልቀቁ። የውሃው አስተላላፊነት ከሲቲዲ ይግባ፤ ከፍታው በጠባብ ገደብ ይያዝ፤ ጥልቀቱ፣ የደለሉ አስተላላፊነትና ውፍረት ይፈለጉ፤ የአለቱ እንደ ድሃ አስተላላፊ ይወሰድ። የደለሉ ጉዳይ ላይ ያው የብዜት ችግር ይመለሳል፦ 8 ሜትር ደለል በ1 ሲመንስና 5 ሜትር ደለል በ1.6 ሲመንስ ለመሣሪያው ሊለዩት የማይችል አንድ ነገር ናቸው። ከወለሉ ናሙና ወስዶ ምን ያህሉ ክፍት ቦታ እንደሆነ መለካት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ደግሞ እስከ አለቱ መቆፈር ይህን ይፈታዋል። ያለዚያ የደለል ውፍረት ካርታውን «የት ወፍራም፣ የት ቀጭን» ለማለት ብቻ ተጠቀሙበት።

ውጤቱ ሲመጣ ከመልቲቢሙ ጋር ያለውን ልዩነት በጥልቀት ላይ ሣሉት። የስህተቱ ቅርጽ ምንጩን ይናገራል። ልዩነቱ ከጥልቀት ጋር በእኩል እየጨመረ ከሄደ የውሃው አስተላላፊነት ተስቷል። በሁሉም ጥልቀት አንድ ዓይነት ከሆነ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እርማት ወይም የከፍታ መነሻው ነው። እስከ 15 ሜትር ደህና ሆኖ ከዚያ በኋላ ከተፈነዳ የቱቦው ከፍታ፣ የዜሮ መንሸራተት ወይም የመሣሪያ ጫጫታ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ የተበረሩ ጎረቤት መስመሮች ላይ ዳርቻዎች እንደ መጋዝ ጥርስ ከተዘበራረቁ የጊዜ መዘግየት እርማት አልተደረገም። ልዩነቱን በቱቦው ከፍታ ላይም ሣሉት፤ ዝምድና ካሳየ ካሊብሬሽኑ አልቆመም።

ወደ መርከብ ካርታው ልመለስ። መሣሪያው ነጥብ አያይም። አግድም ለተኙ ጥቅሎች በአንድ ጊዜ የሚያየው ስፋት ከፍታውን 3.7 ጊዜ ያህል ነው፤ 30 ሜትር ላይ ወደ 110 ሜትር። 40 ሜትር የሚሰፋ ቦይ በዚህ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ገደላማ ዳርቻ ዘንበል ያለ ሜዳ ይሆናል፤ ብቻውን የቆመ የኮራል ጫፍ ጨርሶ ይጠፋል። የዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ድርጅት ኤስ 44 ደረጃ ለምድብ 1ሀ፣ ጥልቀቱ እስከ 40 ሜትር በሆነበት፣ በየአቅጣጫው ከ2 ሜትር የሚበልጥ ነገር እንዲታይ ይጠይቃል፤ በ20 ሜትር ጥልቀት የሚፈቅደው ስህተትም በ95 በመቶ እርግጠኝነት 56 ሴንቲሜትር ነው። ምድብ 2 እንኳ 1.1 ሜትር ነው የሚፈቅደው። መርከብ የሚመታው ደግሞ አማካዩን ጥልቀት ሳይሆን ጫፉን ነው። ከዚሁ ስፋት የተነሳ መስመሮቹን ከ50 ሜትር በታች ማቀራረብ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለእናንተ ቦታ 100 ሜትር፣ በጉጉት በምትፈልጉት ክፍል ብቻ 50 ሜትር ይበቃል ብዬ እገምታለሁ። የብረት ምሰሶ፣ የቆመ መርከብ፣ የባሕር ሥር ኬብልና የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለው መረጃ ከነአካቴው ይቆረጥ፤ በማጣሪያ «ታክሟል» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

ውሉ ላይ የተሠራውን ካርታ ብቻ ሳይሆን ጥሬውን መረጃ፣ የቱቦውን ጂፒኤስና ዝንባሌ፣ የከፍታ በረራዎቹን ንባብ፣ የጥልቁን ውሃ ማመሳከሪያ፣ የሲቲዲና የሙላት ጉድለት መዝገቦቹን ከነሰዓታቸው እንዲያስረክቡ አስጽፉ። የሁሉም ሰዓት በጂፒኤስ ሰዓት ይሁን፤ የሙላት ጉድለት መለኪያው በአካባቢ ሰዓት፣ መሣሪያው በጂፒኤስ ሰዓት ተመዝግቦ ማንም ሳያስተውለው ማለፉ ቀላል ነው። ከፍታው ከ40 ሜትር ያለፈበት መስመር በነፃ እንዲደገም፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይም ከጥልቀቱ ጎን የስሌቱ አለመግጠም መጠን እንዲጻፍ ጠይቁ። እና ሙሉውን ከመፈረማችሁ በፊት የመልቲቢሙን መስመር ለብቻው በአንድ ቀን አስበርሩት፤ ጥልቀቱን ሳትነግሯቸው ቁጥራቸውን ያስረክቡ፣ ከዚያ እናንተ አነጻጽሩት።